አሮጌ አስፋልትና የገጠር መንገድ፤ አጭር ትችት

ከአውራ ጎዳና ላይ ተፍቆ የሚነሣውን አሮጌ አስፋልት ከጠጠር ጋር ቀላቅሎ፥ ጥቂት መኪና በሚመላለስበት የገጠር መንገድ ላይ ማልበስ በአሜሪካ በብዙ ሥፍራ የተሠራበት ነገር ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመው የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሲሆን፥ እንዲህ የተሠራው መንገድ አቧራው ቀንሶ መገኘቱን ያስረዳል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የምከራከረው፥ ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ለእኛም ገጠር ርካሽ መፍትሔ ተገኘ» ከሚሉት ጋር ነው።

ዋዮሚንግ ደረቅ አገር ነው፤ በአብዛኛው ክፍሉ የዓመቱ ዝናብ ከ400 ሚሊ ሜትር በታች ነው። የእኛ ደጋ ግን በብዙ ሥፍራ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ያገኛል፤ የሚበዛውም በክረምት ይወርዳል። ቦይ ሳይቆፈርለት በዋልካ አፈር ላይ የተዘረጋ መንገድ፥ ምንም ቢያለብሱት ይሰምጣል።

«ርካሽ» የተባለውንም በቁጥር እንየው። ስድስት ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ኪሎ ሜትር ንጣፍ ከተዳመጠ በኋላ 600 ሜትር ኩብ፥ ክብደቱም ወደ 1,200 ቶን ነው። አሮጌው አስፋልት ብቻውን ቢነጠፍ በፀሐይ ለስልሶ ከጭነት በታች ስለሚሸሽ፥ ግማሹ ጠጠር ይሁን እንበል። የቀረው 600 ቶን በ20 ቶን ካሚዮን 30 ምልልስ ይሆናል። አስፋልት የሚፋቀው ደግሞ በዋናው መንገድ ነው፤ ገጠሩ ገጠር የተባለው ከዚያ ስለራቀ አይደለምን? በቀበሌው አጠገብ ጠጠር እየተቆፈረ፥ ከ100 ኪሎ ሜትር አስፋልት ማጋዝ ምን ይባላል?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሬንጁ ነው። በአሮጌ አስፋልት ውስጥ ከመቶ አምስት ያህል ሬንጅ ስላለ፥ በ600 ቶን ውስጥ 30 ቶን እንቀብራለን ማለት ነው። ኢትዮጵያ ሬንጅ የምትገዛው ከውጭ አገር ነው። አርጅቶ ቢደርቅም ከአዲስ አስፋልት ጋር ሲቀላቀል ይጠቅማል፤ ወይም እዚያው ዋናው መንገድ ላይ በአረፋ ሬንጅ ሊታደስ ይችላል። የአረፋው ዘዴ በአዮዋ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ነው። «ውዳቂ ነው፥ ዋጋ የለውም» የሚባለው ዋጋውን ያሰላ ሰው ስለሌለ ብቻ ይመስለኛል።

ይሁንና አሳቡን በጭራሽ የሚነቅፉትም አንድ ነገር ረስተዋል። በዋዮሚንግ አቧራው የተለካው በመኪና ላይ በተገጠመ መሣሪያ ነው። በእኛ ገጠር መንገዱን የሚሞላው እግረኛ ነው። አንድ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ የምታደርገው ገበያተኛ በዚያ ልኬት ውስጥ የለችም። (እኔም ወደ ትምህርት ቤት ስመላለስ ስንት ጊዜ ፊቴን ወደ አጥር አዙሬ ቆሜአለሁ።)

ስለዚህ ዋናው መንገድ በሚፋቅበት አቅራቢያ፥ መንገዱም በመንደር መካከል በሚያልፍበት ሥፍራ፥ ቦዩ አስቀድሞ ከተቆፈረ ይሞከር እላለሁ። ለዳገቱ ግን የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን በ2011 እ.ኤ.አ. ጥቂት ተሽከርካሪ ለሚመላለስባቸው መንገዶች ባወጣው መመሪያ ውስጥ የሚገኘው የድንጋይ ንጣፍ ይሻላል፤ ድንጋዩም ሠራተኛውም እዚያው ናቸውና።