ጠረፍ አልባው ባሕር

የኪነ ጥበብ ሥራ የሚመዘነው ባሳየው ብቻ ሳይሆን ሳያሳይ በተወውም ጭምር ነው። ፈረንሳዊው የባሕር ተመራማሪና የፊልም አዘጋጅ ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው «ፀሐይ አልባ ዓለም» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም በዚሁ ሚዛን መታየት ይገባዋል። ፊልሙ በዘርፉ የኦስካር ሽልማትን ያገኘ ሲሆን፣ በአየር መተንፈሻ መሣሪያ እየጠለቁ ባሕር ለመጐብኘት ለሚጓዙ ሁሉ እንደ መንገድ መሪ ሆኖ ኖሯል።

የፊልሙ መቼት የሱዳን ጠረፍ ነው። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን ምሥራቅ ሻብ ሩሚ የተባለ የኮራል ዐለት አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 አምስት ሰዎች በዚያ፣ 10 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በተተከለ የብረት ቤት ለአንድ ወር ኖሩ። የቤቱ ቅርጽ እንደ ባሕር ኮከብ ነው፤ የመውጫው ቀዳዳ ከሥሩ ክፍት ቢሆንም፣ የአየሩ ግፊት ከባሕሩ ግፊት ጋር ስለሚተካከል ውሃው አይገባም።

የኩስቶ ብልኀት የሚታየው ከዚህ ታላቅ ነገር ይልቅ ትንሹን በመምረጡ ነው። ነዋሪዎቹ ይበላሉ፣ ያጨሳሉ፣ ቼዝ ይጫወታሉ፤ በቀቀንም አብራቸው ትኖራለች። ዓሣዎች በመስኮቱ መስተዋት አጠገብ ሲያልፉ፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚታየው ፍጡር ሰው ይሆናል። ይህ ግልብጥ እይታ የፊልሙ እውነተኛ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ቤቱ፣ ወርቁ የሰው ልጅ በእንግድነት አገር ያለው ትንሽነት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ባሕር ጠረፍ የለውም። የካሜራው ዓይን ወደ ታች እንጂ ወደ ዳር አይመለከትም፤ ስለ ሱዳን ሰዎች ፊልሙ የሚናገረው የለም ለማለት ይቻላል። ስፍራው ግን ስም አልባ ሆኖ አልጠበቀውም። «ሻብ» በጠረፉ ዐረብኛ የባሕር ዐለት ማለት ነው፤ ስሙን ያወጡለት መርከበኞች ዐለቱን ያውቁት ነበር ማለት ነው። ሉል አውጪዎችም የብረት ሳንባ ሳይሸከሙ፣ ትንፋሻቸውን ብቻ ይዘው በቀይ ባሕር ሲጠልቁ ኖረዋል።

ከሁሉም በላይ ሱዋኪን አለች። ከፖርት ሱዳን በስተደቡብ የምትገኘው ይህች ጥንታዊት የደሴት ከተማ የተሠራችው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነበር። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲጀምር ፖርት ሱዳን ተመሥርታ ንግዱን ስትወስድባት፣ ቤቶቿ ባለቤት እያጡ ፈረሱ። እንግዲህ ሰውን ከባሕር ጋር ለማኖር የተሞከረው በ1963 ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ኩስቶ ወደ ኮራሉ የብረት ቤት ሲያወርድ፣ የጠረፉ ግንበኛ ኮራሉን ወደ ቤት ለውጦት ነበር። ሁለቱን ቤቶች ጐን ለጐን ያቆመ ፊልም ምንኛ በበለጸገ!

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ፣ ከሙከራው ጀርባ ሌላም ጉዳይ ነበር። የገንዘቡ ምንጭ በከፊል የፈረንሳይ የነዳጅ ኢንዱስትሪ ነው። በባሕር ወለል መኖር የሚችል ሰው በባሕር ወለል መሥራትም ይችላልና። ይህን ያወቀ ተመልካች «የማንም ያልሆነ ዓለም» የሚመስለውን ሰማያዊ ሥዕል በጥርጣሬ ማየቱ ተገቢ ነው፤ ባለቤቱ ያልታየ ስፍራ ባለቤት እንደሌለው ይቈጠራልና።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ የጠላቂዋ ጀልባ መጠለያ የነበረው የብረት ጕልላት በስፍራው ቀረ። ኮራል በቀለበት፣ ዓሣም ተጠለለበት፤ ከየአገሩ የመጡ ጠላቂ ጐብኚዎችም ለዓመታት ሊያዩት ወርደዋል። ፊልሙ የሠራው ፍርስራሽ እንኳ ተመልካች አገኘ። የሱዋኪን ፍርስራሽ ግን ከዚያ ባሕር ዳር ቆሞ፣ ካሜራው ቀና እስኪል አሁንም ይጠብቃል።