ሂስና ዘለፋ፦ የሊኑክስ ማኅበር ሁለት ደንቦች ሲመረመሩ

በዕውቀት ሥራ ላይ የተሰማራ ማንኛውም ማኅበር ያለ ሂስ ሊያድግ አይችልም። የተማሪ የጥናት ጽሑፍም ሆነ የባለሙያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሌላ ዐይን ካልታየ ጉድለቱን እንደ ያዘ ይቀራል። ይሁን እንጂ ሂስ ሰጪው ሥልጣንና ዝና ያለው መሪ በሚሆንበት ጊዜ፣ ሂሱ ሥራውን አልፎ የሠሪውን ሰብእና የሚነካበት አጋጣሚ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ወሰኑን ለመመርመር ይሞክራል። ለማስረጃነት የተወሰዱት የሊኑክስ ፕሮግራም ሠሪዎች ማኅበር በ2015 እና በ2018 ያወጣቸው ሁለት ደንቦች ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊኑክስን በ1991 የጀመሩት በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበሩት ሊነስ ቶርቫልድስ ናቸው። ሥራው ከርነል የሚባለው፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን አካል ከልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኘው የሥርዓተ ክወና እምብርት ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ይህ ሥራ ዛሬ በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ይገኛል፤ በዓለም እጅግ ፈጣን ተብለው የሚመዘገቡት 500 ኮምፒዩተሮችም ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም በሊኑክስ የሚሠሩ ናቸው። ማሻሻያ የሠራ ሁሉ ሥራውን መላክ ይችላል። የተላከው ሥራ በየክፍሉ ኀላፊዎች ይመረመራል፤ በዋናው ቅጂ ውስጥ ለመግባቱ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት ግን ቶርቫልድስ ናቸው። ምርመራው የሚካሄደው ማንም ሊያነበው በሚችል ይፋዊ የደብዳቤ ልውውጥ በመሆኑ፣ ምስጋናውም ነቀፌታውም በአደባባይ የሚነገር ነው።

ቶርቫልድስ በዚህ አደባባይ ጉድለት ያለበት ሥራ ሲያጋጥማቸው ሠሪውን ጭምር በመዝለፍ ለረጅም ጊዜ ይታወቁ ነበር። በጁላይ 2013 ይህን ጠባይ በይፋ የተቃወሙት ለዩኤስቢ 3 የሚያገለግለውን የሊኑክስ ፕሮግራም የሠሩት ሴጅ ሻርፕ ናቸው። ቶርቫልድስ የሰጡት መልስ፣ በጨዋነት የተሸፋፈነ አነጋገር እውነተኛውን ሐሳብ ያደበዝዛል የሚል ነበር። ሻርፕ በኦክቶበር 2015 ከከርነሉ ሥራ መሰናበታቸውን በይፋ ሲገልጹ፣ ለዚህ ያበቃቸው የሥራው ክብደት ሳይሆን የመከባበር መጥፋት መሆኑን አስረድተዋል።

የመጀመሪያው ደንብ የወጣው በዚያው ዓመት በማርች ወር ሲሆን «የግጭት ደንብ» የሚል ስም ተሰጠው። ደንቡ አጭር ነው። የሚላክ ሥራ ሁሉ በጥብቅ እንደሚመረመርና ሁልጊዜም ለማለት በሚቻል ደረጃ ማሻሻያ እንደሚጠየቅበት ያስታውቃል። ስድብ ወይም ዛቻ ደረሰብኝ የሚል ሰው ለቴክኒክ አማካሪ ቦርድ አቤት እንዲል ይመክራል። ሥራ በጥብቅ መመርመር አለበት ማለቱ ትክክል ነው። ጉድለቱ ያለው ግን የተናገረው ለተሐያሹ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ሂስን የሚቀበለው ሰው እንዲችል ይመክራል፤ ሂስን የሚሰጠው ሰው ስለ አለበት ግዴታ ግን የሚለው ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው ደንብ የወጣው ሴፕቴምበር 16 ቀን 2018 ነው። በዚያው ዕለት ቶርቫልድስ ስለ ጠባያቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ የሰዎችን ስሜት ለመረዳት የሚያስችል እርዳታ እንደሚፈልጉና ለጊዜው ከሥራው ገለል እንደሚሉ አስታወቁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንዲሉ፣ ቀደም ብለው የሄዱትን ይህ ይቅርታ አልመለሳቸውም። አዲሱ ደንብ የተወሰደው ኮራላይን አዳ ኤምኬ በ2014 ለነጻ ሶፍትዌር ማኅበራት ካዘጋጁት ቃል ኪዳን ነው። ስድብንና በሰብእና ላይ የሚሰነዘር ጥቃትን በግልጽ ይከለክላል፤ ተገቢው ጠባይ ምን እንደ ሆነ የማስረዳቱንና ጥፋት ሲፈጸም ፍትሓዊ እርምጃ የመውሰዱንም ግዴታ በኀላፊዎች ላይ ይጥላል። በዚህም ሸክሙ ከተዘላፊው ትከሻ ወደ መሪው ትከሻ ተሸጋግሯል። የደንቡ ዋና ብልጫ ይህ ነው።

ለዘለፋ ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች ጭካኔ ከቀረ ጥራት ይወድቃል ይላሉ። ይሁንና መሪው ባልነበሩበት ወቅት 4.19 የተባለው ቅጂ በግሬግ ክሮህ-ሃርትማን ኀላፊነት በኦክቶበር 2018 ወጥቷል። ከዚያም ወዲህ አዲስ ቅጂ በየዘጠኝና በየዐሥር ሳምንቱ ገደማ መውጣቱን አላቋረጠም። ቶርቫልድስም የተበላሸ ሥራ ሲቀርብላቸው ከመመለስ አልቦዘኑም። እንግዲህ ጥራትን የጠበቀው የብዙ ዐይን ምርመራና ጉድለት ያለበትን ሥራ አልቀበልም የማለት ጽናት ነበር። ዘለፋው ከዚህ ጋር አብሮ የተጓዘ እንጂ ለዚህ ምክንያት የሆነ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ሁለተኛውም ደንብ የማይደርስበት ነገር አለ። ለዚህ አብነት የሚሆነው ከኮምፒዩተር ዘመን በፊት በሥነ ፈለክ ሊቃውንት መካከል የተፈጸመ ድርጊት ነው። ጃንዋሪ 11 ቀን 1935 የ24 ዓመት ወጣት የነበሩት ሕንዳዊው ቻንድራሴካር፣ ነጭ ድንክ የሚባለው ኮከብ ሊያልፈው የማይችል የክብደት ወሰን እንዳለው በለንደን የሥነ ፈለክ ማኅበር ፊት አስረዱ። በዘመኑ እጅግ የተከበሩት አርተር ኤዲንግተን ወዲያው ተነሥተው ሐሳቡን ተሳለቁበት። ያሳዩት የሒሳብ ስሕተት አልነበረም፤ የተናገሩትም የስድብ ቃል አልነበረም። የወጣቱን ሐሳብ በግል የደገፉ ታላላቅ የፊዚክስ ሊቃውንት እንኳ በይፋ ከመናገር ተቆጠቡ። ቻንድራሴካር በ1939 መጽሐፋቸውን ካሳተሙ በኋላ ወደ ሌላ የጥናት ዘርፍ ዞሩ፤ የኖቤል ሽልማት ያገኙት በ1983 ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ የተከለከሉ ቃላትን መዘርዘር አስፈላጊ ቢሆንም በቂ አለመሆኑን ነው። መርዙ ያለው በቃሉ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ዝና የማስረጃን ቦታ በሚወስድበት አሠራር ውስጥ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሂስ በሦስት ጥያቄዎች ቢመዘን ይገባል። የሚናገረው ስለ ሥራው ነውን? ስሕተቱን በማስረጃ ያሳያልን? ተሐያሹስ ሳይፈራ መልስ ሊሰጥበት ይችላልን? መምህርም በክፍሉ፣ የጥናት አማካሪም በቢሮው የዚህ ሥልጣን ባለቤት ናቸው። በዘለፋ የተማረረ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ አቤቱታ አያቀርብም፤ ዝም ብሎ ይሄዳል። ያልተጠየቀው ጥያቄና ያልተጻፈው ጥናት በየትኛውም መዝገብ ላይ ስለማይሰፍሩ፣ መሪው የደረሰውን ጉዳት ሳያውቅ ሥራው እንደ ተሳካለት ሊቈጥር ይችላል።