«ስፖንሰር»፣ «ዋስ»፣ «ጧሪ»፤ ስለ አንድ የሕግ ስያሜ አተረጓጐም

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ እናቱን ወይም አባቱን በቋሚ ነዋሪነት ወደዚያው አገር ማስመጣት ይችላል። ቅጾቹ የሚሞሉት በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ፈራሚው ልጅም ሆነ የሚመጣው ወላጅ ነገሩን የሚመካከሩበት በአማርኛ በመሆኑ፣ በየከተማው አስተርጓሚዎች ያዘጋጇቸው የአማርኛ መግለጫዎች ጥቂት አይደሉም። በእጃችን የገቡትን ስንመረምር ሰዋስዋቸው እንከን የማይወጣለት ሳይቀሩ በአንድ ስያሜ ላይ ሲሰናከሉ አገኘን። ስያሜው ለወላጁ መተዳደሪያ ግዴታ የሚገባው ሰው የሚጠራበት ነው። አንዱ «ስፖንሰር»፣ ሌላው «ዋስ»፣ ሦስተኛው «ደጋፊ» ይለዋል። ሦስቱንም በአንድ ገጽ ላይ ያፈራረቀ አለ።

«ስፖንሰር»ን የውሰት ቃል ነው ብለን አንነቅፈውም፤ «ቪዛ»ም «ፖሊስ»ም ውሰት ናቸው፤ ማንንም አላሳሳቱም። የምንነቅፈው በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ አስቀድሞ ሌላ ፍች ይዞ ስለ ቆየ ነው። ለእግር ኳስ ተመልካች ስፖንሰር ማለት ስሙን በማልያ ላይ የሚያጽፍ ነጋዴ ነው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለተመለሰች ሠራተኛ ደግሞ ዐረቦቹ «ከፊል» የሚሉት፣ የመኖሪያ ፈቃዷ በእጁ የነበረ አሠሪ ነው። በዚህ በሁለተኛው ፍች ሥልጣኑ የስፖንሰሩ፣ ግዴታው የሠራተኛዋ ነው። በአሜሪካው ሕግ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ግዴታው በስፖንሰሩ ላይ ይወድቃል፣ የመጠየቅ መብቱ ለመጣው ሰው ይሆናል። ከቤይሩት ወይም ከጅዳ የተመለሰች እኅት ያለቻት እናት «ልጅሽ ስፖንሰርሽ ነው» ስትባል ምን እንደሚታሰባት ተርጓሚው ሊገምት ይገባው ነበር።

«ዋስ» ከዚህ የባሰ ነው፤ የባሰበትም ምክንያት አማርኛው ያማረ መሆኑ ነው። ዋስ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የታወቀ ቦታ ያለው ቃል ነው፤ ባለዕዳው ሳይከፍል ሲቀር ለባለገንዘቡ የሚከፍል ሁለተኛ ሰው ማለት ነው። በዕለት ኑሮም ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፤ የታሰረም በዋስ ይለቀቃል። ስለዚህ «ለእናትህ ዋስ ትሆናለህ» የተባለ ሰው ሁለት ነገር ይረዳል፤ እናቱ ቢያጠፉ ወይም ቢጠፉ እንደሚጠየቅ፣ እናቱ ራሳቸው ዋና ባለዕዳ እንደ ሆኑ። ሁለቱም ስሕተት ነው። ስለ ጠባያቸው የሚጠየቅበት ነገር የለም። ዕዳው ግን ከመነሻው የራሱ ነው። ቃሉ የሌለውን ያስፈራል፤ ያለውን ይሸሽጋል።

«ደጋፊ»ን የተጠቀሙት ተርጓሚዎች ቅጹን ራሱን «የድጋፍ ቃለ መሐላ» ብለውታል። ለእንግሊዝኛው ርእስ ቃል በቃል ታማኝ ነው፤ ለነገሩ ግን አይደለም። የቀድሞውን የድጋፍ ቃል የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ከሞራል ግዴታ አሳልፈው አላዩትም ነበር፤ በ1996 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ግን ይህን ለወጠው። ከዚያ ወዲህ ያለው «አይ-864» የተባለው ቅጽ በፍርድ ቤት የሚያስገድድ ውል ነው። ፈራሚው የመጣው ሰው ኑሮ መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው የድህነት ወለል 125 በመቶ እንዳያንስ ይዋዋላል። መንግሥት በችግረኛነት ለሚሰጠው ርዳታ ያወጣውን ወጪ ከፈራሚው መጠየቅ ይችላል፤ የመጣውም ሰው ራሱ ሊከሰው ይችላል። ግዴታው የሚቀረው የመጣው ሰው ዜግነት ሲያገኝ፣ 40 የሥራ ሩብ ዓመቶች ሲቈጠሩለት፣ ነዋሪነቱን ትቶ ከአገር ሲወጣ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ነው። 40 ሩብ ዓመት ዐሥር ዓመት ያህል ነው፤ በ70 ዓመታቸው የመጡ እናት ይህን ያህል ሠርተው ይሞላሉ ብሎ የሚጠብቅ የለም።

አሁን ይህን ውል «የድጋፍ» በሚል ቅጽል እናንብበው። በቢሮ አማርኛችን «የድጋፍ ደብዳቤ» የታወቀ ነገር ነው፤ ቀበሌው ወይም መሥሪያ ቤቱ ማኅተም አድርጎ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» ይላል፤ ጻፊው ከዚያ በኋላ የሚጠየቅበት ነገር የለውም። የልጁ ገቢ ሳይሞላ ሲቀር ሕጉ ሌላ ተባባሪ ፈራሚ ይፈቅዳል፤ ይህ ሰው ዘመድ መሆን እንኳ አያስፈልገውም። በዕድር ወይም በቤተ ክርስቲያን የሚተዋወቅ ወዳጅ «የድጋፍ ወረቀት ፈርምልኝ» ሲባል እምቢ ማለት ያሳፍረዋል፤ ይፈርማል። የፈረመው ግን ደብዳቤ ሳይሆን ዕዳ ነው። እዚህ ላይ የተርጓሚው ቸልታ የሰው ኪስ ውስጥ ይገባል።

እኛስ ምን እንላለን? የቃሉን ጓዳ የፈተሸው ሰው የጠፋ ይመስለናል። አማርኛ ለዚሁ ጉዳይ «ጦረ»፣ «ጧሪ»፣ «ተጧሪ» የሚል ሙሉ ቤተሰብ አለው፤ «ጡረታ»ም ከዚሁ ነው። «ጧሪ ቀባሪ» ስንል ስለ ልጅ ግዴታ እንናገራለን፤ ግዴታውም እስከ ሞት ነው፤ የውሉንም ዘመን በደንብ ይመጥናል። ጉድለቱ ለትዳር ጓደኛና ለወንድም አለመሆኑ ነው፤ ሚስቱን ያስመጣ ባል «ጧሪ» ቢባል ሰሚው ይስቃል። ሕጉ ደግሞ ለሁሉም አንድ ስያሜ ይፈልጋል። በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ሲሆን የቤተሰብ ሕጋችን (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የሚሠራበትን «ቀለብ የመስጠት ግዴታ» እናስቀድማለን። እዚያም በወላጅና በልጅ መካከል ያለ፣ ባለመብቱ ራሱ ከሶ የሚያስፈጽመው ግዴታ ነው። ስለዚህ ቅጹ «የቀለብ ግዴታ ውል»፣ ፈራሚው «የቀለብ ግዴታ ገቢ» ይባል። «ቀለብ» ለወታደርና ለከብት ጭምር የሚነገር በመሆኑ እናትን የሚያዋርድ የሚመስለው ይኖራል፤ ተቃውሞው ተገቢ ነው። ለወላጆች በሚጻፈው መግለጫ ላይ ግን «ጧሪ» ይግባ፤ የሕጉ ስያሜ አንድ ጊዜ አብሮ ይጠቀስ።

ከዚሁ ጋር «ወላጅ» የሚለውን ማለፍ አይቻልም። ቃሉ ከ«ወለደ» በመውጣቱ እንጀራ እናትን ያስቀራል፤ ሕጉ ግን ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ከአባቱ ጋር የተጋባችውን ይቀበላታል። በአንጻሩ «አሳዳጊ» የተባለ እንደ ሆነ ያሳደጉን አያትና አክስት ሁሉ ይገባሉ፤ ሕጉ እነዚህን አያውቃቸውም። የጡት ልጅና የጡት አባትም እንዲሁ በልማድ እንጂ በዚህ ሕግ ዘንድ ዝምድና አይደሉም። በጕዲፈቻ የተገኘ ወላጅ የሚቈጠረው በጠቅላላው ጕዲፈቻው ልጁ 16 ዓመት ሳይሞላው የተፈጸመ እንደ ሆነ ነው። ስለዚህ «ወላጅ» የሚለው ቃል ይቆይ፤ ፍቹ ግን በመግለጫው መጀመሪያ ይጻፍ።

«አመልካች»ም ለሁለት ሰው ተሰጥቷል፤ ዝምድናውን አስረድቶ ለሚጠይቀው ልጅና ቪዛውን ለሚጠይቁት እናት። «የዝምድና አመልካች» እና «የቪዛ አመልካች» ቢባሉ ግርታው ይቀራል።

«ቋሚ ነዋሪ»ን በሚመለከት የተሻለ አላገኘንም። «ቋሚ» የሚለው ቅጽል ፈቃዱ የማይነጠቅ ያስመስለዋል፤ ሆኖም መመለሻ ፈቃድ ሳይዙ ከአንድ ዓመት በላይ አዲስ አበባ የሰነበቱ እናት ካርዳቸው ለመግቢያ እንደማያገለግል የሚሰሙት ሲመለሱ ይሆናል። ስያሜው በሰፊው ስለ ተለመደ እንዳለ ይቀመጥ፤ ተርጓሚዎች ግን ከሥሩ ይህንኑ የሚገልጽ አንድ መስመር እንዲጨምሩ እንጠይቃለን።