መቼት የሌላት ፀሐይ

የፀሐይ ግርዶሽ ፎቶግራፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ፀሐይዋን ብቻ ያነሳል፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ መሐሉ ላይ አንዴ የተገመጠች ብርቱካን። ሁለተኛው ፀሐይዋን ከነሰፈሯ ያነሳል፤ ከነወደቡ፣ ከነክሬኑ፣ ከነጀልባው፣ በውኃው ዳር አጥር ተደግፎ አፉን ከፍቶ ከቀረው ሰውዬ ጋር። ለመጀመሪያው ጥሩ ሌንስና ጥሩ ማጣሪያ ይበቃል። ለሁለተኛው ከተማ ያስፈልጋል፤ ውኃ ያስፈልጋል፤ አድማሱም ጥርት ማለት አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ፀሐይዋ ገና ስትወጣ ተጋርዳ መገኘት አለባት። ግርዶሹ ቀትር ላይ ከመጣ ፀሐይንና ከተማን ባንድ ክፈፍ ማስገባት ራስንና እግርን ባጭር ጋቢ እንደመሸፈን ነው፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል።

ፎቶግራፍ አንሺ አይደለሁም። ሳስተምር የኖርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ፎቶም የማየው እንደ አጭር ልብ ወለድ ነው። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሆነ እያልኩ። በዚህ ዓይን ሳየው እነዚያ ሁለት ዓይነቶች እኩል አይደሉም።

ሰኔ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2021) ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ባንድ ጠዋት ገጠመ። ጨረቃ ያን ዕለት ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ጨርሳ መሸፈን አልቻለችም። የብርሃን ቀለበት ሆና የታየችው በሰሜን ካናዳ፣ በግሪንላንድና በሩሲያ ጫፍ ነው፤ ሰው በማይበዛበት በረዶ። ቶሮንቶ፣ ቦስተን፣ ኒውዮርክና ዋሽንግተን የደረሳቸው ፍርፋሪው ነበር። ታዲያ ለካሜራ ፍርፋሪው ከማዕዱ በለጠ። በኒውዮርክ ፀሐይ የወጣችው በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ25 ግድም ሲሆን፣ ስትወጣም ተጋርዳ ነው። ደቂቃዎች ቆይቶ ግርዶሹ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከመቶ 70 እጅ በላይ የሚሆነው ፊቷ አልነበረም። የቀረችው ማጭድ የመሰለች ቀይ ስንጣሪ ናት፤ ያቺ ማጭድ ሁለት ጫፏን ወደ ላይ አቁማ፣ ቀንድ ያወጣች መስላ፣ በጭጋጉ ውስጥ ከውኃውና ከሕንፃዎቹ ጀርባ ብቅ አለች።

ናሳ ያን ቀን ከለቀቃቸው ፎቶዎች ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው የተነሳው ከአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ነው፤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ መሆኑ ነው። (ያ አካባቢ የእኛ ሰው የሞላበት ነው፤ ስንቱ ወገናችን በዚያች ሰዓት ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ቀና ብሎ አይቷት ይሆን?) በፎቶው ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ጉልላት ጥቁር ሆኖ ቆሟል፤ ማጭዷ ፀሐይ ከኋላው ትወጣለች። ሁለተኛው ከዴላዌር የባሕር ዳርቻ የተነሳ ነው። አንድ የመርከብ መብራት ቤት ብቻውን ውኃ ላይ ቆሟል፤ ፀሐይዋ ከጎኑ አለች። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጉልላቱ ዝነኛ ስለሆነ ዓይንን ይሻማል፤ መብራት ቤቱ ግን ከፀሐይዋ ጋር ይነጋገራል። ሌሊት እንዲያበራ የተሠራ ሕንፃ፣ ጎዶሎ ሆና የመጣች ተረኛ።

አሁን ወደ ጥርጣሬው ልግባ። እነዚህን ፎቶዎች ላሳየሁት ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ቃል አንድ ነው፤ «ፎቶሾፕ ነው!» ምክንያቱን ስጠይቅ «ፀሐይ ይኼን ታክላለች እንዴ?» ይሉኛል። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ችግሩ መልሱን ሳይጠብቁ ስልኩን መመለሳቸው ነው። እስቲ ላፍታ ሒሳብ እንሥራ። ፀሐይ በሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፤ ጠዋትም ቀትርም ያው ነው። የሚያንሰውና የሚተልቀው ከፊቷ ያስቀመጥነው ነገር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ነገር ከፀሐይ ጋር እኩል ሆኖ ለመታየት 9 ሜትር ያህል ቁመት ይበቃዋል። አሥር ኪሎ ሜትር ላይ ሲሆን ግን 93 ሜትር ያስፈልገዋል። የኒውዮርኳ የነጻነት ሐውልት ከመሬት እስከ ችቦዋ ጫፍ ቁመቷ 93 ሜትር ነው። እንግዲህ አሥር ኪሎ ሜትር ወደኋላ ሄዶ ረጅም ሌንስ የደቀነ ሰው ሴትዮዋን ልክ በፀሐይዋ ቁመት ያገኛታል፤ ምንም ሳይነካካ። እግሯ ሥር ቆሞ ቀና ያለ ጎብኚ ደግሞ ያቺኑ ፀሐይ ከአንዲት ጣቷ ያነሰች ፍንጣቂ አድርጎ ያነሳታል። ሁለቱም እውነት ነው። ልዩነቱ የቆሙበት ነው።

ለዚህ ነው የዚህ ዓይነቱ ፎቶ በዕድል አይነሳም የምለው። በሰኔ ፀሐይ እዚያ የምትወጣው በሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፤ የማንሃተንን ሕንፃዎች ከፊቷ ለማስቆም የፈለገ ወንዙን ተሻግሮ ኒው ጀርሲ ዳር መቆም ነበረበት። ካርታ ዘርግቶ ማዕዘኑን ቀድሞ ያልለካ ሰው ያነሳው የጎረቤት ሕንፃ ጀርባ ነው። ደግሞም ብርሃኑ በየደቂቃው ይለዋወጣል። መጀመሪያ ጭጋጉ ፀሐይዋን አደብዝዞ ከተማዋን ከእሷ ጋር ያስታርቃታል፤ ትንሽ ከፍ ስትል ከተማዋ ትጠቁራለች፤ ማጣሪያ ከተገጠመ ደግሞ ከተማዋ ጭራሽ ትጠፋለች። የሚያዋጣችው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ናት። ዓይንም በዚችው ደቂቃ ነው የሚታለለው፤ የጠዋት ፀሐይ ስለቀላችና ስለተጋረደች የለዘበች ይመስለዋል፤ አልለዘበችም። የቀረችው ስንጣሪም ዓይን ታጠፋለች።

የ«ፎቶሾፕ ነው» ባዮች ትልቁ ፈተና ግን ከዚህ ቀደም ብሎ ነበር የመጣው። ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. (ዲሴምበር 26 ቀን 2019) በዶሃ አቅራቢያ ባለችው አል ወክራ የባሕር ዳር ከተማ ኤሊያስ ካሲዮቲስ የተባለ ግሪካዊ ግርዶሽ ሊያነሳ ቆሞ ነበር። የመጣለት ጉድ ነው። ከባሕሩ ውስጥ ሁለት የተነጣጠሉ ቀይ ቀንዶች ወጡ፤ ከሥራቸው ፀሐይ ያለ አይመስልም። ፎቶው ዓለምን ዞረ። «የሰይጣን ቀንድ» ያሉት ነበሩ፤ ውሸት ነው ያሉትም ነበሩ። ናሳ ግን በየዕለቱ ከሚያወጣቸው የሥነ ፈለክ ፎቶዎች አንዱ አድርጎ ከነማብራሪያው አወጣው። ከባሕሩ በላይ ሙቀታቸው የተለያየ የአየር ንብርብሮች ነበሩ፤ ብርሃኑን አጣጥፈው ከፀሐይዋ ሥር ሁለተኛ ምስል ሠሩ። በረሃ ላይ ውኃ አለ ብሎ ተጓዥን የሚያታልለው ያው አየር ማለት ነው። ካሜራው አልዋሸም፤ እዚያ የቆመ ሰው ዓይንም የሚያየው ያንኑ ነበር።

እንዲያውም ነገሩን ካነሳን አይቀር፣ ማንኛዋም የንጋት ፀሐይ እኮ ቅጥፈት አለባት። አየሩ ብርሃኗን ስለሚያጎብጠው፣ አድማሱ ላይ ድንቡል ብላ ስናያት በጂኦሜትሪ ሕግ ገና ከአድማሱ በታች ናት። ብርሃኗም እኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ደቂቃ ከምናምን ይፈጅበታል። ስለዚህ ገና ያልወጣችውን ፀሐይ፣ ያውም የስምንት ደቂቃ አሮጌዋን ነው «ነጋ» ብለን የምንቀበለው። ይኼንን የዋጠ ሰው የአል ወክራን ቀንድ መዋጥ አቅቶት ሲንገበገብ ይገርመኛል።

እርግጥ ውሸታም ፎቶ የለም አላልኩም፤ ሞልቷል። ከተማዋን ለብቻ ባጭር ሌንስ፣ ፀሐይዋን ለብቻ በረጅም ሌንስ አንስተው አንዱን በሌላው ላይ የሚለጥፉ አሉ። እነዚህን ለመያዝ ከላይ ያለችው ሒሳብ ትበቃለች፤ ሐውልቷና ፀሐይዋ ከአንድ ቦታ የታዩ ሊሆኑ በማይችሉበት መጠን ተቀምጠው ይገኛሉ። አሥር ፀሐይ በቅስት እየደረደሩ የግርዶሹን ጉዞ ባንድ ፎቶ የሚያሳዩም አሉ። ይኼ እንኳ ነገሩን ገልጦ እስከተናገረ ድረስ ቅር አይለኝም። ግን ልቤን አያገኘውም። ያን ጠዋት ውኃው ዳር የቆመ ማንም ሰው አሥር ፀሐይ አላየም።

ሰፈሬ ፎቶ ቤት ያለው አንድ ልጅ አለ፤ ስለ ሥራው ሲናገር መስማት ደስ ይለኛል። የኔን አከፋፈል ስነግረው አልተስማማም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚወዱት ፖስትካርድ ነው» አለኝ። «ሐውልት፣ ጉልላት፣ መብራት ቤት… ፀሐይዋ እኮ ማስጌጫ ሆነች። ግርዶሹን ማየት የሚፈልግ ሰው ሌላውን ምን ያደርገዋል?»

የዋዛ ክርክር አይደለም። የመጀመሪያው በሚገባ የተነሳ የሙሉ ግርዶሽ ፎቶግራፍም ከእሱ ወገን ነው። ቤርኮውስኪ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 1851 በኮኒግስበርግ፣ በብር በተለበጠ ሰሌዳ ላይ፣ 84 ሰከንድ ብርሃን አጠጥቶ ያነሳው ነው። በጨረቃ ጥቁር ክብ ዙሪያ የፀሐይ አክሊል ይታያል፤ ኮኒግስበርግ ግን የለችም። ከተማዋ በኋላ ጦርነት አወደማት፤ ስሟም ተለውጦ ዛሬ የሩሲያዋ ካሊኒንግራድ ናት። ለሳይንስ ያ ፎቶ ወርቅ ነው። እኔ ግን ሳየው የሚቆጨኝ አለ። ሰውዬው ካሜራውን አንዴ ዝቅ አድርጎት ቢሆን፣ ከቀትር በኋላ ጨለማ የወረደባትን፣ ዛሬ የሌለችዋን ያቺን ከተማ እናያት ነበር። አክሊሉንማ ሙሉ ግርዶሽ በመጣ ቁጥር እናየዋለን።

መቼት የምንለው ቃል «መቼ»ንና «የት»ን ገጥሞ የተሠራ ነው። ጥቁር ላይ የተለጠፈች ፀሐይ ሁለቱም የላትም። ይኼ የትምህርት ክፍል ጨዋታ የሚመስለው ካለ፣ ወደ እኛ ቤት እንምጣ።

ጥቅምት 24 ቀን 2006 ዓ.ም. (ኖቬምበር 3 ቀን 2013) በኒውዮርክ ፀሐይ ተገምጣ ወጣች። የውኃው ዳርቻ በካሜራ ተሞላ፤ ፎቶዎቹ ዛሬም አሉ። ያው ግርዶሽ አትላንቲክን ተሻግሮ ጋቦንን፣ ሁለቱን ኮንጎዎች፣ ኡጋንዳንና ሰሜን ኬንያን አቋርጦ፣ ከሦስት ሰዓት ገደማ በኋላ በደቡብ ኢትዮጵያና በሶማሊያ ምድር፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አበቃ። እነሱ መውጫዋን፣ እኛ መጥለቂያዋን ይዘን ነበር። የመውጫዋን ፎቶ በደርዘን አይቻለሁ። ከእኛ በኩል ግን መሬቱና ሰው የሚታይበት፣ «ይኼ የኛ ነው» የሚያሰኝ አንድም ፎቶ እስካሁን እጄ አልገባም። (በዚያው ቀን የኒውዮርክ ማራቶን ነበር። ፀጋዬ ከበደ በወንዶች፣ ብዙነሽ ዴባ በሴቶች ሁለተኛ ወጡ፤ ወሬያችን ሁሉ እሱ ነበር። አልፈረድኩም።)

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ግን ሰበብ አልነበረንም። እሑድ ጠዋት ነው፤ ቀለበታማው ግርዶሽ በምዕራብ ገብቶ በላሊበላ ላይ አለፈ። ስልክ በየእጁ አለ። በዚያ ሰሞን ለኔ የደረሱኝ ፎቶዎች ግን እንዳሉ ጥቁር ላይ የተቀመጡ የብርሃን ቀለበቶች ነበሩ፤ ከሥራቸው «ላሊበላ» ተብሎ የተጻፈባቸው። ያው ግርዶሽ ኦማንም ላይ ቀለበት ነበር። አንዱ ተነስቶ «ይቺ የኦማን ናት» ቢለኝ በምን እከራከረዋለሁ? ከዓመታት በፊት ሌላ አገር የተነሳች ብትሆንስ? ልጆቻችን ያን ጠዋት ላሊበላ ምን ትመስል ነበር ብለው ሲጠይቁ የምናሳያቸው ቀለበት ነው፤ ቀለበት ደግሞ ዜግነት የለውም።

የኒውዮርክን ዘዴ እዚያ መገልበጥ እንደማይቻል አውቃለሁ። ግርዶሹ ጫፉ ላይ ሲደርስ ፀሐይዋ ከወጣች ቆይታለች፤ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ጣሪያው ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ስለሆነ ፀሐይ ከጀርባው አትወጣለትም። ነገር ግን ሌላ ዘዴ ነበር። በግርዶሽ ጊዜ በዛፍ ቅጠሎች ክፍተት የሾለከ ብርሃን መሬት ላይ ሲያርፍ፣ እያንዳንዷ ነጠብጣብ የተጋረደችዋን ፀሐይ ቅርጽ ትይዛለች። እሑድ ጠዋት፣ ላሊበላ፣ ነጭ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ፣ ዛፍ። በአንዲት እናት ነጠላ ላይ የተበተኑ መቶ ትንንሽ ቀለበቶች! ወደ ሰማይ ቀና ማለት ሳያስፈልግ፣ ዓይን ሳይጎዳ፣ ያለ ረጅም ሌንስ፣ በተራ ስልክ። ይኼን ፎቶ ማንም የኦማን ነው አይልም። አንስቶት ያስቀመጠ ሰው ካለ ብከፍልም አየዋለሁ።

ይኼንን ለፎቶ ቤቱ ልጅ ስነግረው ዝም ብሎ ቆየ። የቀጣዩን ቀን ጠየቀኝ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (ኦገስት 2 ቀን 2027) ሙሉ ግርዶሽ ከአትላንቲክ ተነስቶ፣ ሰሜን አፍሪካን ይዞ፣ በሉክሶር አድርጎ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በጅዳና በመካ በኩል ያልፋል። አዲስ አበባ የሚደርሳት ከፊሉ ነው፤ እሱም የሐምሌ ደመና ከፈቀደ። ጅዳ ባሕር ዳር ናት፤ ወገንም ሞልቶባታል፤ ግን ጥላው የሚደርሳት ቀትር አልፎ፣ ፀሐይ ገና ከፍ ብላ ሳለች ስለሆነ ከተማውና ፀሐይዋ ባንድ ክፈፍ አይገቡም።

«እህቴ ጅዳ ናት» አለኝ። ትንሽ አሰበና፣ «ለመሆኑ ጋሼ፣ ጅዳ ዛፍ አለ?»

«የፓስታ ማጥለያም ይሠራል» አልኩት።