ሕግ የሚወጣበት ጨዋታ፤ ብዙም ስላልታወቁ የኢንተርኔት የሚና ጨዋታዎች የቀረበ ሒስ

በኢንተርኔት አማካይነት ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገብተው እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ተላብሰው የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች ሲነሡ በቅድሚያ ስሙ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና በኋላም ከአሥር ሚሊዮን በላይ ከፋይ ተጫዋቾች ያፈራው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዚህና የመሰሎቹ ሥርዐት በአጭሩ ሊገለጽ ይችላል። ተጫዋቹ አውሬ ይገድላል፤ በገደለ ቁጥር ማዕርጉ ከፍ ይላል፤ ማዕርጉ ከፍ ሲል ደግሞ የበረታ አውሬ ይሰጠዋል። ለትምህርት ቤት ታስበው ከሚሠሩት ጨዋታዎች ብዙዎቹ ይህንኑ ሥርዐት እንዳለ ወርሰው በአውሬው ቦታ የማባዛት ወይም የሆሄያት ጥያቄ ተክተውበታል። ተማሪው መለሰ፣ ነጥብ ተሰጠው፣ ቀጣዩ ጥያቄ መጣ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር የለም። ይህ ጸሐፊ የሚሟገትለት አሳብ እንግዲህ የሚከተለው ነው፦ ስለ ጨዋታና ትምህርት ግንኙነት ሊመረመር የሚገባው ቁም ነገር በአብዛኛው የሚገኘው ለክፍል ከተዘጋጁት ሳይሆን ለክፍል ፈጽሞ ካልታሰቡት፣ በሰፊው ገበያም ስም ካላገኙት ጥቂት ጨዋታዎች ውስጥ ነው። ከነዚህም አንዱን በሰፊው፣ ሌሎቹን በአጭሩ እንመለከታለን።

አስቀድሞ ስለ ዘሩ አመጣጥ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። የዚህ ዓይነት ጨዋታ ከንግድ ድርጅት ሳይሆን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾው የተባለ ተማሪ ሙድ የተሰኘውን፣ ሥዕል የሌለበትና በጽሑፍ ብቻ የሚካሄድ ጨዋታ ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትልም ከእርሱ ተረክቦ አስፋፋው። ባርትል በ1996 ባወጣው ጽሑፍ ተጫዋቾችን በአራት ከፍሎ ነበር፤ ይኸውም ውጤት ፈላጊዎች፣ አሳሾች፣ ከሰው ጋር መገናኘትን የሚሹ፣ ሌላውን በማጥቃት የሚደሰቱ በማለት ነው። ይህ አከፋፈል በትምህርት ጥናት ውስጥ የተማሪ ጠባይ መለኪያ ሆኖ ሲጠቀስ ይታያል። ሆኖም አከፋፈሉ የአንድ ዓይነት ጨዋታ ተጫዋቾችን በማስተዋል የተገኘ እንጂ በፈተና የተረጋገጠ የሥነ ልቡና ሚዛን አይደለም፤ ተማሪን በዚህ መመደብ ከልብስ ቀለሙ ተነሥቶ ዐመሉን እንደ መናገር ያህል ነው። ተጫዋቹ ምን ዓይነት ሰው ነው ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ጨዋታው ምን ዓይነት ሰው እንዲሆን ይገፋፋዋል ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ይህን ጥያቄ ለመመርመር ከሁሉ የተመቸው በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ የተቋቋመው ኢጄኔሲስ የተባለ ትንሽ ድርጅት በ2003 ያወጣው ኤ ቴል ኢን ዘ ዴዘርት ነው። ትርጓሜው ‹‹የበረሃ ተረት›› እንደ ማለት ስለሆነ ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ታሪኩ የሚፈጸመው በጥንቷ ግብጽ ነው፤ ዋና አዘጋጁ አንድሩ ቴፐርም ራሱ ፈርዖን ሆኖ ይገኝበት ነበር። ተጫዋቾቹ በሺህ እንጂ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አልነበሩም። በዚህ ጨዋታ ውጊያ የለም። ሰይፍ የለም፤ አድፍጦ የሚጠብቅ ጠላትም የለም። ለዘሩ ሁሉ መሠረት የሆነው ነገር እንዲህ ከተወገደ በኋላ ምን ይቀራል ቢባል፣ የሚቀረው ሥራ ነው።

ገና የገባ ተጫዋች ከወንዝ ዳር ጭቃ ያነሣል፣ አሸዋ ይዝቃል፣ ሣር ነቅሎ በማድረቅ ጭድ ያደርጋል፤ ሦስቱን ቀላቅሎም ጡብ ይመታል። ተልባ ይዘራል፤ ያጨደውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ካበሰበሰ በኋላ ቃጫውን ይለይና ይፈትለዋል፣ ይሸምነዋልም። (እኛ ተልባን የምናውቀው በፍሬው ነው፤ ግንዱ ልብስ እንደሚሆን ከመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ብዙ ቢሆንም፣ ከማሳ እስከ ሸማ ስንት ደረጃ እንዳለው በእጁ የቈጠረ ግን ጥቂት ነው።) ጡቡ ለሥራ ቤት፣ ሥራ ቤቱ ለምድጃ፣ ምድጃው ለከሰል፣ ከሰሉ ለብረት መሠረት እየሆነ ይሄዳል። አዲስ ጥበብ የሚገኘው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ማዕርግ ስለ ጨመረ አይደለም። በየአካባቢው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ተጫዋቾች ሁሉ የድርሻቸውን ቁሳቁስ እያመጡ የተወሰነው መጠን ሲሞላ ጥበቡ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ደቦንና ወንፈልን የሚያውቅ አንባቢ የነገሩን መንፈስ ለመረዳት አይቸገርም፤ ልዩነቱ እዚህ ባለማሳው ማን እንደሆነ አለመታወቁ ነው።

የዚህ ሥራ አሰልቺነት መካድ የለበትም። መቶ ጡብ ለመምታት መቶ ጊዜ ያህል ያንኑ እንቅስቃሴ መድገም ያሻል፤ አዘጋጆቹም ድካምን ከትምህርት ጋር ያምታቱበት ቦታ ብዙ ነው። ቢሆንም ድካሙ አንድ ውጤት አለው፤ ሰውን ወደ ጎረቤቱ ይገፋዋል። ብቻውን የሚሠራ ሰው በጨዋታው ውስጥ መኖር ይችላል፤ ሩቅ መሄድ ግን አይችልም። ማንም ‹‹ተባበሩ›› ብሎ ሳይሰብክ መተባበር የሚያስፈልግበትን ሁኔታ መፍጠር፣ በግብረ ገብ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አዘውትሮ የማናየው ዘዴ ነው።

ከሥራው ጎን ፈተናዎች አሉ። በሰባት ዘርፎች ተከፍለው ሥነ ሕንጻን፣ አመራርን፣ አምልኮን፣ ሥነ ጥበብን፣ አስተሳሰብንና የመሳሰሉትን ይመለከታሉ። ከፈተናዎቹ አንዳንዶቹ የሚታረሙት በኮምፒዩተሩ ሳይሆን በሌሎቹ ተጫዋቾች ፍርድ ነው፤ አንዱ ሐውልት ይሠራል፣ ያዩት ይፈርዱለታል ወይም ይፈርዱበታል። ይህ የእርስ በርስ ምዘና በትምህርት ቤት ሲሞከር የሚገጥመው ችግር እዚህም አለ። ወዳጅ ለወዳጁ ያደላል፤ ብዙ ወዳጅ ያለውም ከብልሁ ይቀድማል። ጨዋታው ለዚህ መድኃኒት አላገኘለትም፤ ነገር ግን ችግሩን በአደባባይ ስላሰጣው ተጫዋቾቹ ራሳቸው ስለ ፍርድ ፍትሐዊነት ይከራከሩበታል።

የበረሃ ተረት ከሌሎች ሁሉ ተለይቶ ሊጠና የሚገባበት ምክንያት ግን ሕግ የማውጣት ሥርዐቱ ነው። ማንኛውም ተጫዋች የሕግ ረቂቅ ጽፎ ፊርማ ማሰባሰብ ይችላል። በቂ ፊርማ ያገኘው ረቂቅ ለድምፅ ይቀርባል፤ ካለፈም፣ በቴክኒክ ሊፈጸም የሚቻል እስከ ሆነ ድረስ፣ አዘጋጆቹ ወደ ጨዋታው ኮድ ያስገቡታል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በገሐዱ ዓለም ሕግ ሊጣስ ይችላል፤ ስለዚህም ፖሊስና ዳኛ ያስፈልጉታል። ወደ ኮድ የገባ ሕግ ግን አይጣስም፤ የተከለከለው ነገር ፈጽሞ የማይቻል ይሆናል። ከዚህ የተነሣ የረቂቁ አጻጻፍ እጅግ ይከብዳል። ‹‹የሌላውን ሰው ንብረት ያለ ፈቃድ መውሰድ ክልክል ነው›› የሚል ረቂቅ ያቀረበ ተጫዋች፣ ባለንብረቱ ጨዋታውን ትቶ ከሄደ ለዓመት የቆመው ምድጃ የማን እንደሚሆን ማሰብ አለበት፤ ካላሰበ ሁሉም በበድን ሕንጻ መካከል ሲኖር ይገኛል። የሥነ ዜጋ መምህር ‹‹ሕግ ማለት ምን ማለት ነው?›› የሚለውን ትርጓሜ ከማስጻፍ ይልቅ አንዲት አንቀጽ አስረቅቆ ቀዳዳዋን በክፍል ቢያስፈልግ ምን ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ መገመት ይቻላል፤ ለዚያውም ኮምፒዩተር አያስፈልገውም።

ኮድ የማይደርስበትን ጥፋት በሚመለከት ጨዋታው ሌላ መንገድ ከፍቷል። ተጫዋቾች ከመካከላቸው ‹‹ንዑስ ፈርዖን›› ይመርጣሉ፤ የተመረጠውም እስከ ሰባት ተጫዋቾችን ለዘለቄታው የማባረር ሥልጣን ይሰጠዋል። ሰባት ብቻ መሆኑ ጥሩ አሳብ ነው። ሥልጣኑ በተጠቀሙበት መጠን ስለሚያልቅ፣ ያለው ሰው ለመጠቀም ያመነታል፤ ያላቸው ሁሉ ግን ይከበራሉ። በምርጫው ወቅት ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄም ‹‹ምን ትሠራልናለህ?›› ሳይሆን ‹‹ማንን ታባርራለህ?›› የሚል መሆኑ አይቀርም። ይህ ለወጣቶች የሚያስተምረው ነገር መራራ ቢሆንም ሐሰት አይደለም።

አዘጋጆቹን በብርቱ መውቀስ የሚገባው በ2004 በተጀመረው ሁለተኛ ዙር ስለተፈጸመው ነገር ነው። ማላኪ የሚባል የውጭ አገር ነጋዴ ወደ ጨዋታው ገባ፤ የገባውም ከአዘጋጆቹ ተልኮ ነበር። ይህ ገጸ ባሕርይ ለሴቶች ያለውን ንቀት በአነጋገሩ ይገልጽ ስለነበረ ከተጫዋቾች ብርቱ ቁጣ ተነሣ። ውጊያ የሌለበት ዓለም ፈተና እንዳያጣ ማኅበራዊ ግጭት ማስገባት፣ ከድርሰት ሕግ አንጻር ሲታይ የሚደገፍ ነው፤ በቴአትርም ክፉ ሰው ባይኖር ነገሩ አይንቀሳቀስም። ነገር ግን ቴአትር ተመልካቹን ከመድረኩ ይለየዋል። እዚህ የተሰደበችው ገጸ ባሕርይ ከኋላዋ እውነተኛ ሴት ተቀምጣለች፤ ስድቡንም የምታነበው በቤቷ ነው። በክፍል ውስጥ የሚና ጨዋታ የሚያካሂድ መምህር ከዚህ መውሰድ ያለበት ጥንቃቄ ግልጽ ነው፤ የአሳዳጁን ሚና ለማን እንደሚሰጥ ብቻ ሳይሆን፣ ተሰዳቢው ጨዋታ መሆኑን አስቀድሞ አውቆ የገባ መሆን አለመሆኑንም ማረጋገጥ አለበት።

እያንዳንዱ ዙር ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ያበቃል፤ ሕንጻው፣ ሀብቱ፣ ሕጉም ሁሉ ተደምስሶ ከባዶ ይጀመራል። ብዙ ተጫዋቾች ይህን እንደ ጭካኔ ያዩታል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ግን ከሁሉ የተሻለው ውሳኔ ይህ ነው፤ ቀደም ብሎ የገባ ሰው ኋላ የመጣውን ለዘለዓለም እንዳይጫነው ያደርጋል፤ ተማሪም በየዓመቱ መግቢያ በአዲስ ደብተር የሚጀምረው ለዚሁ ነው። የማይደመሰሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም የፈርዖኑ ባለቤትነት ነው። ተጫዋቾች ያወጡት ሕግ ሁሉ በመጨረሻ የሚቆመው በድርጅቱ ፈቃድ ላይ ነበር። ጨዋታው በ2014 ወደ ሌላ አነስተኛ ድርጅት ሲተላለፍ በድምፅ የተወሰነ ነገር አልነበረም።

ይህ ጉድለት ወደ ሁለተኛው ጨዋታ ያሸጋግረናል። ራይዞም ይባላል፤ ኔቭራክስ የተባለ የፈረንሳይ ድርጅት በ2004 ያወጣው ነው። ውጊያ ያለበት በመሆኑ በብዙ ነገር ከተለመዱት አይርቅም። ይሁን እንጂ ሁለት መልካም ነገሮች አሉት። አንደኛው፣ መንጋው እንደ ወቅቱ ይሰደዳል፣ ሥጋ በሊታውም ሣር በሊታውን ያድናል፤ አውሬው ተጫዋቹን ቆሞ የሚጠብቅ የነጥብ ከረጢት አይደለም። ሁለተኛው፣ ተጫዋቹ የሚፈጽመውን ድርጊት ራሱ ከትንንሽ ክፍሎች ያቀናጃል። ኀይል ሲጨምር ዋጋውን በድካም ወይም በጊዜ መክፈል ግዴታው ነው፤ ገቢና ወጪው ካልተመጣጠነ ድርጊቱ አይፈጸምም። የሒሳብ መዝገብ አያያዝን ከዚህ በተሻለ ስውርነት የሚያለማምድ ጨዋታ ይህ ጸሐፊ አላየም።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጨዋታው ዕጣ ነው። በ2006 ኔቭራክስ ሲከስር ተጫዋቾችና የነጻ ሶፍትዌር ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው ጨዋታውን ገዝተው የጋራ ሊያደርጉት ሞከሩ፤ የነጻ ሶፍትዌር ፋውንዴሽንም 60,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ። ሙከራው አልተሳካም፤ ጨዋታው ለሌላ ነጋዴ ተሸጠ። ሆኖም ባለቤትነቱ እጅ በእጅ ከተላለፈ በኋላ በ2010 ኮዱ በነጻ ፈቃድ ተለቀቀ፤ ሥዕሎቹም እንዲሁ። ስለዚህ አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ቢፈልግ ኮዱን ወስዶ መመርመር፣ መለወጥና በራሱ ሰርቨር ማስኬድ በሕግ ይፈቀድለታል፤ ለውጦ ለሌሎች ሲያገለግልበት ግን የለወጠውንም እንዲሁ መግለጥ ይኖርበታል። ኮድ ማግኘት ዓለም ማግኘት አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። ባለሙያና ብዙ ዓመት ይጠይቃል።

ከሥዕል ጨዋታዎቹ ሌላ እስከ ዛሬ ያሉት የጽሑፍ ዓለሞች ሊሞከሩ ይገባል። በቴሪ ፕራቼት ልብ ወለዶች ላይ የተመሠረተው ዲስክወርልድ ሙድ ከ1991 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚካሄድና ክፍያ የሌለበት ነው። በ1997 የተከፈተው አኬያ በአጻጻፉ የላቀ ቢሆንም በእውነተኛ ገንዘብ ብልጫ መግዛት ያስችላል፤ የሀብት ልዩነት ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ ብቻውን ከምርጫ ያስወጣዋል። የጽሑፍ ዓለም ደካማ የኢንተርኔት መሥመርና አሮጌ ኮምፒዩተር ይበቃዋል። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎችም ጽሑፍ በሚያነብላቸው ፕሮግራም ከጓደኞቻቸው እኩል ሊጫወቱት ይችላሉ፤ በዚህ ረገድ በሚሊዮን ብር የሚሠሩት የሥዕል ጨዋታዎች አይደርሱበትም። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ስላለ፣ መምህሩ አስቀድሞ ራሱ ገብቶ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ልጆችን ማስገባት የለበትም።

ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ አንዳንዶች እንደሚሉት ለቋንቋ ትምህርት ጥቅም ነው። የጽሑፍ ዓለም በአማርኛ ቢሠራ ግን የሚነሣው ጥያቄ ከፊደሉ ይልቅ ከሰዋስዉ ይመጣል። በእንግሊዝኛ ትእዛዙ የሚጀምረው በግሡ ነው፤ ኮምፒዩተሩም የመጀመሪያውን ቃል አይቶ ይፈጽማል። በአማርኛ ‹‹በሩን ክፈት›› ሲባል ግሡ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ተሳቢው ‹‹ን››ን ይይዛል፤ ግሡም ክፈት፣ ክፈቺ፣ ክፈቱ፣ ይክፈቱ እያለ በጾታ፣ በቁጥርና በአክብሮት ይለዋወጣል። እንዲህ ያለውን ዓለም የሚያዘጋጅ ሰው ከመጀመሪያው አዳራሽ ገለጻ በፊት፣ ጨዋታው ተጫዋቹን አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ ብሎ እንደሚጠራው መወሰን አለበት።