«ሕይወት አለፈ»፤ ማን አሳለፈው?

«በተቀሰቀሰ ግጭት የሰው ሕይወት አለፈ።» ይህን ዜና ስንቴ አነበብነው? እኔን ግን ዛሬም ይከነክነኛል። «ገደለ» ካልን «ማን?» መባሉ አይቀርም፤ «ሕይወት አለፈ» ካልን ግን የሚጠየቅ የለም። «ግጭት»ም ያው ነው፤ ሁለት መኪና ሲላተምም «ግጭት» ነው የምንለው።

ጥቅምት 2013 ትግራይ ውስጥ ጦርነት ሲጀመር መንግሥት «የሕግ ማስከበር ዘመቻ» አለው፤ የመንግሥት ሚዲያዎችም ቃሉን እንዳለ ተቀበሉት። ኧረ በሕግ! ሕግ ማስከበር የፖሊስ ሥራ ነው፤ ታንክና ተዋጊ ጄት የገባበት ጦርነት ነው።

ጋዜጠኛው ገዳዩን ካላወቀ «አላወቅንም» ይበል፣ እናምነዋለን። እያወቀ «አለፈ» ካለ ግን፣ ነገ ፍትሕ ፈልጎ የዛሬውን ዜና የሚያገላብጥ ልጅ የአባቱን ሞት ያገኛል፤ ገዳዩን አያገኝም።