«ስካብረስ»፦ ሻካራ ወይስ ጸያፍ?

«ስካብረስ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በዛሬ መዝገበ ቃላት ሁለት ዋና ፍቺዎች ይሰጡታል። አንደኛው ሲዳስሱት የሚሻክር፣ ሁለተኛው ነውር ያለበት፣ ሲሰሙት የሚያሳፍር የሚል ነው። የቆየ ሂስ የሚያነብ ተማሪ ያለማመንታት ሁለተኛውን ከወሰደ ስሕተቱ ቀላል አይሆንም።

ቤን ጆንሰን፣ በ1637 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ በታተመው «ዲስከቨሪስ»፣ ሮማዊውን ባለቅኔ ሉክሬቲየስን በዚህ ቃል ገልጾታል። እዚያ የሚያወሳው ስለ ጥንታዊ ቃላት አጠቃቀም ነው፤ ሉክሬቲየስ ያረጁ ቃላትን ፈልጎ ስለሚያስገባ አነጋገሩ ይሻክራል ማለቱ ነው። ድራይደንም በ1693 እ.ኤ.አ. ስለ ሳታየር ባወጣው ድርሰት የፐርሲየስን ግጥም በዚሁ ቃል ሲነቅፍ፣ አያይዞ የሚያነሣው የስንኙን ማነከስና የቃላቱን አመራረጥ ነው። ሁለቱም በዚህ ቃል የዳኙት ጆሮ የሚዳኘውን እንጂ ምግባርን አይደለም። ቃሉን «ጸያፍ» ብሎ የሚመልስ ተርጓሚ እንግዲህ ሁለቱን ሮማውያን ባልተከሰሱበት ይፈርድባቸዋል። በእንግሊዝኛ የነውሩ ፍቺ የጎላው በ19ኛው መቶ ዓመት ነውና።

የቃሉ ሥር ማከክ፣ መፋቅ የሚል የላቲን ግሥ ነው። ሐኪሞች እከክን «ስኬቢስ» የሚሉትም ከዚሁ ወስደው ነው። እኛም ከ«አከከ» «እከክ»ን አውጥተናል፤ ወደ ሂስ ግን አላደረስነውም (ባናደርሰውም ይሻላል)። በዚህ ቦታ የሚያገለግለን «ሻከረ» ነው። የዱባ ቅጠል ይሻክራል፤ የዕፅዋት ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ቅጠል «ስካብረስ» ይሉታል። የገበሬ እጅ ይሻክራል፣ ድምፅ ይሻክራል፣ የወዳጆች ግንኙነትም ይሻክራል። ስለዚህ ለጆንሰንና ለድራይደን «ሻካራ» ልክ ነው። ብልግና ያለበትን ቀልድ «ሻካራ ቀልድ» ብንል ግን አድማጩ የሚረዳው ቀልዱ ልብ እንደሚያቆስል እንጂ እንደሚያሳፍር አይደለም። የአማርኛው ቃል ከዳሰሳ ወደ ድምፅ፣ ከድምፅ ወደ ጠብ ሄዷል፤ ወደ ነውር አልሄደም።

ለኋለኛው ፍቺስ? «ጸያፍ» ይከብዳል። በፈረንሳይኛ የቃሉ አቻ፣ በጥንቃቄ ካልያዙት መዘዝ የሚያመጣን ጉዳይም ይገልጻል፤ የእንግሊዝኛውም ቃል አንዳንድ ጊዜ የሚነገረው ነውሩን ዳር ዳሩን ለሚነካ ታሪክ ነው። በበኩሌ «ነውር ቀመስ» የሚለውን እመርጣለሁ። የመሻከሩ ስሜት በዚህ ትርጉም ይጠፋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚይዝ የአማርኛ ቃል እስካሁን አላገኘሁም።